ኢዮብን ምዕራፍ ሁለት ላይ የምንዘጋው

ሰው ይሞታል። ምጥ ይዟት የገባች እናት ባዶ እጇን ከሆስፒታል ትመለሳለች። ቤተሰቧን ልትደግፍ ዓረብ አገር የሄደች ልጅ በሣጥን ትመጣለች። ድንኳን ይተከላል፤ የእድሩ አግዳሚ ገና ሳይሞላ አንዱ ጎንበስ ብሎ «አይዞሽ፣ ለበጎ ነው» ይላታል። ሁለተኛው «እግዚአብሔር ሲወድሽ ነው» ይላል። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ጥቅስ አዋቂው እሱ ነው፣ «እንዲህ አታልቅሺ፣ እምነት የሌላት ትመስያለሽ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

ይህ አነጋገር የአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም። በኦርቶዶክሱ ሰፈር «ፈተና ነው፣ ተመስገን በይ» ተብሎ ይመጣል፤ በፕሮቴስታንቱ ሰፈር ደግሞ «በአፍሽ ክፉ አታውጪ፣ ድሉን አውጂ» ይባላል። ቃሉ ቢለያይም ከሐዘንተኛው የሚጠየቀው አንድ ነው፤ እንባህን ቶሎ ጥረግ፣ ለምን ብለህ አትጠይቅ፣ አሁኑኑ አመስግን። ይህን ያደረገ «ጠንካራ አማኝ» ይባላል። ያላደረገው በጓዳ ይታማል፣ አንዳንዴም በመድረክ ይገሠጻል።

እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ፤ ለስላሳ ልብ ስላለኝ ግን አይደለም። እምነትን ይጠብቃል የተባለው ነገር እምነትን ሲያሳጣ ስለማይ ነው። በክፉ ቀን ክርስቲያንን ከአምላኩ ጋር የሚያቆየው ምሬቱን ይዞ እግዚአብሔር ፊት መግባቱ ነው። ምሬቱን ውጦ የተቀመጠ ሰው ያሳረፈው ጎብኚዎቹን ነው፤ እነሱ ቡናቸውን ጠጥተው ሲሄዱ እሱ ከማያናግረው አምላክ ጋር ብቻውን ይቀራል።

«ለበጎ ነው» ባዮች የሚደገፉት ብዙውን ጊዜ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 8 ቁጥር 28 ነው። ጥቅሱን ልክድ አልመጣሁም። ነገር ግን ከምዕራፉ ገንጥለው ነው የሚያመጡት። ጥቂት ቁጥሮች ወደ ላይ ከፍ ብንል ፍጥረት ሁሉ ምጥ ይዟት ስትቃትት እናገኛለን፤ ቀጥሎ አማኞች ራሳቸው ይቃትታሉ፤ ቀጥሎ ደግሞ መንፈስ ቅዱስ፣ አዎን መንፈስ ቅዱስ፣ በቃል ሊገለጽ በማይችል መቃተት ስለ እኛ ይማልዳል። ጳውሎስ ወደ በጎው የደረሰው በእነዚህ ሦስት መቃተቶች በኩል አልፎ ነው። እኛ ሦስቱንም ዘለን መጨረሻውን ለሐዘንተኛዋ እናቀብላታለን። በዚያው መልእክት ምዕራፍ 12 ላይ ደግሞ የሚያለቅስ ሰው ሲያጋጥመን ምን እንደምናደርግ በግልጽ ተጽፏል፤ አብሮ ማልቀስ ነው። ማብራሪያ ስጡ የሚል እዚያ የለም። ተሰሎንቄዎችም ተስፋ እንደሌላቸው ሰዎች እንዳያዝኑ ተነገራቸው እንጂ ከነጭራሹ እንዳያዝኑ አልተነገራቸውም።

ኢዮብን እንየው። በስብከት የምንሰማው ኢዮብ ሀብቱንና ልጆቹን በአንድ ቀን አጥቶ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ ያለው ኢዮብ ነው። እውነት ነው፣ ብሏል። ታሪኩ ግን 42 ምዕራፍ አለው፣ ያ ንግግር ደግሞ የሚገኘው በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው። ሰባኪው ምዕራፍ ሁለትን ያነብና መጽሐፉን ይዘጋል፤ ከዚያ ወደ መጨረሻው ገልጦ በጎቹና ግመሎቹ እጥፍ ሆነው መመለሳቸውን ያውጃል። በመካከሉ ያለውን የሚያነብልን ማነው? በምዕራፍ ሦስት ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያ በኋላ ምራቄን እስክውጥ እንኳ ለምን አትለቀኝም ብሎ እግዚአብሔርን ይሞግታል፤ ፍርድ ቤት አብረን እንቁም፣ በመካከላችን ዳኛ ይኑር እስከማለት ይደርሳል። እንዲህ ያለ ጸሎት ዛሬ በአንድ የጸሎት ስብሰባ ላይ ቢጸለይ «ወንድማችን መንፈስ ተጫውቶበታል» ይባል ነበር።

የኢዮብ ወዳጆችስ ምን አሉ? ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር የተናገሩት ከዛሬው የድንኳን ስብከት ብዙም አይርቅም። እግዚአብሔር ጻድቅ ነው፣ ያለ ምክንያት አይቀጣም፣ ንስሐ ግባና ይመለስልሃል። አንድ በአንድ ሲታይ አብዛኛው ትክክለኛ ትምህርት ነው። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር ኤልፋዝን ቁጣዬ በአንተና በሁለቱ ባልንጀሮችህ ላይ ነድዷል አለው፤ ምክንያቱም ስለ እኔ ቅን ነገር የተናገረው እናንተ ሳትሆኑ ባሪያዬ ኢዮብ ነው የሚል ነው። እግዚአብሔርን ሲሟገት የነበረው ኢዮብ ቅን ተናጋሪ ተባለ። እግዚአብሔርን ሲከላከሉ የነበሩት ሦስቱ ደግሞ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ ሄደው እሱ እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ለሐዘንተኛ የሚሰጠውን ምክር ሁለት ጊዜ ያስብበታል።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፣ ደግሞም ቀላል አይደለም። «እስራኤል በምድረ በዳ በማጉረምረሙ አልተቀጣም ወይ?» ይላሉ። ተቀጥቷል። ግን ታሪኩ የተጻፈበትን ዘኍልቍ ምዕራፍ 11ን ገልጣችሁ እዩ። ሕዝቡ የግብፅን ዓሣ፣ ዱባውን፣ ሽንኩርቱን እያነሣ በየድንኳኑ ደጃፍ ያለቅሳል፤ ስለ እግዚአብሔር ያወራል እንጂ እግዚአብሔርን አያናግርም፤ ልቡም ወደ ባርነት ቤት ዞሯል። መቅሠፍት ወረደበት። በዚያው ምዕራፍ ሙሴም ያማርራል፣ ምሬቱም ከሕዝቡ ይከፋል። ይህን ሕዝብ እኔ ነኝን ያረገዝሁት፣ እንዲህስ ከምታደርገኝ ግደለኝ ይላል፤ ይህን የሚለው ግን በቀጥታ ለእግዚአብሔር ነው። ምን ደረሰበት? መቅሠፍት አልመጣበትም። ሸክሙን የሚካፈሉ 70 ሽማግሌዎች ተሰጡት። በአንድ ምዕራፍ ሁለት ምሬት፣ ሁለት መልስ። ልዩነቱ ምሬቱ ወደ ማን እንደተነገረ ነው። ሐዘንተኛን «አታማርር» ብለን አፉን ስንይዘው ከሙሴ ጸሎት አውጥተን በድንኳኑ ደጃፍ ወደሚደረገው ሐሜት እየገፋነው ነው፤ የሰው ልጅ ምሬት መውጫ አያጣምና።

ኤልያስንም አስታውሱ። በክትክታው ዛፍ ሥር ተኝቶ ነፍሴን ውሰድ ብሎ የለመነ ነቢይ ነው። መልአኩ «እንዴት እንዲህ ትላለህ» አላለውም። በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተመልሶ ሲተኛም ተወው፤ ዳግመኛም ቀስቅሶ መገበው። ጥያቄውና ትምህርቱ የመጣው በኋላ ነው፣ ከብዙ ቀን መንገድ በኋላ በኮሬብ። የእኛ አስተዛዛኝ መጀመሪያ ያስተምራል፤ እንጎቻውን የሚያቀርቡት የጎረቤት ሴቶች ናቸው። እውነት ለመናገር ከሁለቱ የትኛው የመልአኩን ሥራ እንደሠራ ግልጽ ነው።

የሚገርመኝ ይህ ሁሉ የሚሆነው ልቅሶን እንደ ጸሎት ለዘመናት በያዘች አገር መሆኑ ነው። ዳዊት የምትደግም አያት በየቀኑ ምን እንደምትደግም ልብ ብለናል? ከመዝሙራቱ ሲሶ ያህሉ ሙሾ ነው፤ እስከ መቼ ትረሳኛለህ፣ ለምን ፊትህን ትሰውራለህ፣ እንባዬ እንጀራ ሆነኝ የሚል። ፊደል የቆጠረው ልጅ ንባቡን ያቀናው በዚህ መጽሐፍ ነበር። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 6 ባለው የጽጌ ወቅት ሰቆቃወ ድንግል ይዜማል፤ እመቤታችን ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ ስትሰደድ የደረሰባትን ረኀብና ጥም፣ ያፈሰሰችውን እንባ ቤተ ክርስቲያን አብራ ታለቅሰዋለች። ስደቱ ትንቢት የሚፈጸምበት መሆኑን ካህናቱ ያውቃሉ፤ ግን ትንቢት ስለሆነ እንባው ይቅር አላሉም። ስደቱን ከጻፈው ወንጌላዊ ከማቴዎስ ብንሄድ እንኳ፣ ሄሮድስ ያስገደላቸውን ሕፃናት ሲያነሣ ራሔል ስለ ልጆቿ አልቅሳ መጽናናትን እንቢ ማለቷን ይጠቅሳል። እንቢታዋን ግን አያርመውም፤ ምዕራፉ እንቢታዋን እንደያዘ ያልፋል። እኛ ድንኳን ውስጥ ይህን አንፈቅድም።

ሰሙነ ሕማማትንማ ማንሣት እንኳ ያሳፍራል። ሳምንቱን ሙሉ ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላል፣ ሰላምታ መሳሳም ይቀራል፣ ልብሰ ተክህኖው ይጠቁራል፣ ሕዝቡ ጉልበቱ እስኪዝል ይሰግዳል። በዚያ ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት እንኳ ስለማይደረግ ለሚሞተው ሰው ሁሉ አስቀድሞ በሆሣዕና ይፈታል። የትንሣኤው ቀን መቼ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ዶሮውና በጉም ታስቧል፤ ይሁንና ማንም ተነሥቶ «ከሦስት ቀን በኋላ ይነሣልና ስግደቱ ይቅር» አይልም። ትንሣኤን እያወቀ ዓርብን እስከ ሠርክ በስግደት የሚያሳልፍ ሕዝብ፣ ልጇን ዛሬ የቀበረችን እናት በሰዓታት ውስጥ ወደ ትንሣኤው ካልገባሽ ማለቱ ከየት መጣ? ራሱ ጌታ አልዓዛርን ከደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ አልቅሷል። በመስቀል ላይም ለምን ተውኸኝ ብሎ ጮኋል። ለምን ብሎ መጠየቅ ክህደት ከሆነ ይህን ጩኸት ምን ልንለው ነው?

ከየት እንደመጣ አንዱን ምንጭ ልናገር፤ የድል ስብከት ነው። በብዙ ጉባኤዎች የምስክርነት ሰዓት አለ። ማይክ የሚሰጠው ለማን ነው? ለተፈወሰው፣ ቪዛ ለመጣለት፣ ለወለደችው። ገና በሕመሙ መካከል ያለ፣ ሦስት ዓመት ጸልዮ መልስ ያላየ ሰው መድረክ ሲወጣ አይቼ አላውቅም። እምነት በይበልጥ የሚታየው ግን እሱ ጋ ነው፤ መልስ ያገኘው የሚያመሰግንበት ነገር በእጁ አለው፣ ያላገኘው ደግሞ በባዶ እጁ ዛሬም መጥቶ ተቀምጧል። እሱን ዝም አሰኝተን ያለቀለትን ታሪክ ብቻ ስናሰማ፣ ታሪኩ ያላለቀለት ሁሉ በራሱ ላይ እንዲፈርድ እናደርጋለን። ሲፈርድም ሁለት መንገድ ነው የሚቀረው፤ ወይ መድኃኒቱን ደብቆ «ተፈውሻለሁ» እያለ ይዋሻል፣ ወይ አንድ ቀን መምጣቱን ያቆማል። ያቆመውን ደግሞ «መጀመሪያም ከእኛ አልነበረም» ብለን እንሸኘዋለን። ይህ የመጨረሻው አባባል ከሁሉም ይልቅ ያናድደኛል።

ለእነዚህ ሰባኪዎች የሐዋርያት ሥራ 19ን አብዝቶ ማንበብ ይቀናቸዋል፤ ከጳውሎስ አካል የተወሰደ ጨርቅ እንኳ ድውያንን ይፈውስ ነበርና። መልካም። ያው ጳውሎስ ግን ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት መጨረሻ ላይ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት ይላል። ማብራሪያ የለውም፤ እምነቱ ስለጎደለ ነው አይልም፣ ኃጢአቱን አይፈልግም። ጨርቁ የሚፈውስለት ሐዋርያ የሥራ ባልደረባውን ታሞ ትቶት መንገዱን ቀጠለ። ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅ እንዲወስድ መከረው። ራሱም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተነሣለትም። ይህን በአንድ የፈውስ ፕሮግራም ላይ ስሰማ ያን ቀን ይህን ጽሑፍ እቀድዳለሁ።

ልቅሶን መከልከል በዚህች አገር ሌላም ታሪክ አለው። በቀይ ሽብር ዘመን ልጃቸው የተገደለባቸው እናቶች እንዳያለቅሱ፣ ጥቁር እንዳይለብሱ ተከልክለዋል፤ የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍሉ የተደረጉም አሉ። በ1971 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ፤ በዚያው ዓመት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ነው። የቄስ ጉዲና ባለቤት ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ በመካከሉ አሥር ዓመት ያህል ታስረዋል። 13 ዓመት መቃብሩ ያልታወቀ ሰው ሲገኝ የሚለቀሰው ልቅሶ እምነት ማጣት ነው ብሎ የሚደፍር ማን አለ? ንጽጽሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ። ድንኳን የሚገባው ጎረቤት ካድሬ አይደለም፤ ያመጣው ፍቅር ነው። ሆኖም በትእዛዝ የተከለከለ ልቅሶ ምን እንደሚያደርግ አንድ ትውልድ በገዛ ጎጆው አይቶታል፤ ያን ያየ ሕዝብ በእግዚአብሔር ስም ሲከለከል መጠንቀቅ ነበረበት።

አሁን ለተቃራኒዎቼ የሚገባቸውን ልስጥ። በዚህ አገር «ተመስገን» ብቻ ይዘው ክፉ ዘመን የተሻገሩ ሰዎች አሉ፤ በሰባ ሰባት ረኀብ ልጅ ቀብረው ማታ እጃቸውን የዘረጉ። እነሱን የምነቅፍበት አፍ የለኝም። ዕንባቆም በለሱ ባያብብ፣ በጎች ከበረት ቢጠፉ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚለው ዘምሯል። ነገር ግን ያ መዝሙር በሦስተኛው ምዕራፍ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚከፈተው እስከ መቼ ስጮኽ አትሰማኝም በሚል ክስ ነው። ምስጋናው የበሰለው ክሱ ስለተሰማለት ነው። «ተመስገን» ከሐዘንተኛው ከራሱ አፍ፣ በራሱ ጊዜ ሲወጣ ከእሱ በላይ ጸሎት የለም። ያው ቃል ልጆቹ ቤት በሰላም ከሚጠብቁት ጎብኚ አፍ ትእዛዝ ሆኖ ሲወጣ ሌላ ነገር ነው፤ በሰው ኪሳራ የሚቀርብ መሥዋዕት ነው።

ምስጋናው ሳይሰማቸው የኖሩም አሉ፣ በእምነታቸውም ማንም አይጠረጥራቸውም። ማዘር ቴሬዛን አዲስ አበባም ታውቃቸዋለች፤ እህቶቻቸው የታመመና ዘመድ ያጣ ሰው ሲያነሡ እዚህም አይተናቸዋል። እሳቸው በ1997 በፈረንጆቹ ካረፉ ከአሥር ዓመት በኋላ የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው፣ ለአሥርት ዓመታት እግዚአብሔር የራቃቸው፣ ጸሎታቸውም ባዶ የሆነባቸው መስሎ ይሰማቸው እንደነበር ገለጹ። አንዳንዱ ጋዜጠኛ «ለካ አያምኑም ነበር» ብሎ ጻፈ። ደብዳቤዎቹን ግን ለንስሐ አባቶቻቸው ነበር የጻፏቸው፣ በማግሥቱም ጧት ተነሥተው ወደ ጸሎት ይገቡ ነበር። የሚሰማው ስሜት ጠፍቶ እግሩ ግን ወደ ጸሎት የሚሄድ ሰው እምነት ከሌለው እምነት ያለው ማነው? እነዚያን ደብዳቤዎች የሚቀበል አባት ባይኖርስ ኖሮ?

«ታዲያ ድንኳን ገብቼ ምን ልበል?» የሚለኝ ሰባኪ ወዳጅ አለኝ። ጥያቄው የጨነቀው ሰው ጥያቄ ነው፤ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ቃል ይጠብቃል፣ ዝም ቢል ያልተዘጋጀ ይመስላል። አዲስ ነገር ፍለጋ አትድከም እለዋለሁ። የኢዮብ ወዳጆች ሥራቸው ያማረው አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ ነበር፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የእኛ አገር ሥርዓትም ሠልስትን፣ ሰባትን፣ አርባን፣ ሰማንያን፣ ሙት ዓመትን የለየው ሐዘን በአንድ ስብከት እንደማያልቅ ስለገባው ነው፤ ድንኳኑ ተነቅሎ እድሩ ወንበሩን ከወሰደ በኋላ ባሉት ቀኖች ሂድ። ማንበብ ካለብህ ደግሞ መዝሙር 88ን፣ በግእዙ ዳዊት 87ኛውን አንብብ። ቀንና ሌሊት የጮኸ፣ በጉድጓድ የተጣለ፣ ወዳጅ ዘመድ የራቀው ሰው ጸሎት ነው፤ እንደ ሌሎቹ ሙሾዎች መጨረሻ ላይ ወደ ምስጋና አይዞርም፣ ዘመድ እንደራቀው ያበቃል። ያቀናበሩት ሰዎች አንዲት የማጽናኛ ቁጥር መጨመር አያቅታቸውም ነበር፣ አልጨመሩም። አንተም አንብበህ ስትጨርስ አትጨምር፣ ተቀመጥ።